ውሃው የሚሄድበት

በ1931 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ለተሠራው የሕሙማን ቤት የሲሚንቶ ወለሉን ያነጠፈው ግንበኛው እሸቴ ነበር። የተደፋበት ውሃ በሩ ሥር ወዳለው ቀዳዳ ወርዶ ወዲያው እንዲደርቅ አድርጎ ነበር ያዘቀዘቀው።

ወር ሳይሞላው ወለሉን የምታጥበው ትርፌ አስጠራችው።

«ጋሼ፣ ውሃው ቀዳዳውን ትቶ ወደ አንዱ አልጋ ይሄዳል» አለችው። «የሄደበት በሽተኛ ደግሞ አያድርም።»

እሸቴ የወለሉን ዝቅዝቅነት በውሃ ልክ ለካው፤ ምንም ስህተት አልነበረውም። ያም ሆኖ ወለሉን ፈነቃቅሎ እንደገና አነጠፈው። በሽተኞቹ በተመለሱ ቀን ውሃው ሽቅብ ወጥቶ አንድ ሽማግሌ የተኙበት አልጋ ሥር ተጠራቀመ። ሽማግሌው በዚያው ቀን አረፉ።

በሳምንቱ የእሸቴ ልጅ ሳህሊቱ ወባ ያዛት። ሌላ መታከሚያ ስላልነበረ እዚያው አስተኛት።

«እባክሽ እህቴ፣ ዛሬ እንኳ አትጠቢው» ብሎ ትርፌን ለመናት።

«እሺ ጋሼ፣ ባልዲውንም አልነካው» አለችው።

ረፋዱ ላይ ግን ወዲያ ጥግ የተኛች ሴት ልትጠጣ ስትንጠራራ ማሰሮዋን ገለበጠችው። ውሃው ወደ ቀዳዳው ወረደ። አፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያም ወደ ሳህሊቱ ዞረ። እሸቴ ጋቢውን ወርውሮ መንገዱን ዘጋበት። ውሃው ጋቢውን ሳያርስ ዞሮት አለፈ።

ልጁን አቅፎ ወደ ግቢው ወጣ።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ ቤታችን» አላት።

ዘወር ብሎ አየ። ውሃው ደፉን ተሻግሮ በደረቁ አቧራ ላይ ይመጣል፤ አቧራው አልጠጣውም። እሸቴ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ውሃውም ወደ ቀኝ ታጠፈ።