የእሜቴ ስም

«ቀስ! እሜቴን ቀስ አድርጋችሁ አውርዷት!» ይላሉ አባ ገብረ አምላክ ከግቢው ውስጥ።

እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሜያለሁ። ለቅርስ ሥራ ከኮምቦልቻ ወደዚህ አገር ከተመደብኩ ጀምሮ ከዚህ በር አላለፍኩም። እስላም ነኝ፤ ማንም ባይከለክለኝም ነውር አውቃለሁ።

እሜቴ የሚሏት ደወላቸውን ነው። ወይራው ላይ በጠፍር የተንጠለጠለች፣ በጠጠር ስትመታ እስከ ማዶ ጎጥ ድረስ የምትሰማ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት። ከበሩ ሆኜ በስልኬ አቅርቤ ባነሳኋት ፎቶ ላይ ግን ከጫፏ «ቢስሚላህ» የሚል የዐረብ ጽሕፈት አለ። የመቃብር ድንጋይ ናት። ከታች ካለው የድሮ እስላሞች መቃብር ማን እንዳመጣት የሚያስታውስ የለም፤ ድምፅዋ አምሮት ሳይሆን አይቀርም።

ከፋሲካ በኋላ መቃብሩ ላይ የመንገድ ዶዘር ይገባል። አዲስ አበባ ያለው ተመራማሪ በደወልኩለት ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «የሟቹ ስም ከተነበበ ዶዘሩን ለማስቆም የምንይዘው ነገር አለ። ካልተነበበ ማን ይሰማናል? ድንጋይ ነው።» ስሙ ያለው መሃል ላይ ነው፤ መሃሉ ደግሞ ከበር አይነበብም።

ስለዚህ ዛሬ ምትክ ይዤ መጣሁ፤ የጭነት መኪና ቸርኬ። ከሰቆጣ አምደወርቅ በመኪና፣ ከአምደወርቅ እዚህ በአህያ። አህያዋም እኔም ተማርረናል።

«በል ሸሁ፣ ያንተን ደወል እንስማው» ይላሉ አባ እየሳቁ።

ዲያቆኑ አሳምነው ቸርኬውን ወይራው ላይ አስሮ በብረት ይመታዋል። የሚሰማው ነገር ለማንም አያምርም፤ ለእኔም። አጥሩ ሥር የተቀመጡት እማማ እታገኝ በኽምጣኛ አንድ ነገር ይላሉ፤ ግቢው በሙሉ ይስቃል።

«ድስት የጣለው ማነው ነው የምትል» ይሉኛል አባ።

«ይለመዳል እማማ» እላለሁ።

«ምን የማይለመድ አለ» ይላሉ በአማርኛ፣ ሳይስቁ።

አሳምነውና ሌላ ሰው ድንጋይዋን በጋቢ አቅፈው አውጥተው እግሬ ሥር ያስቀምጧታል። እንበረከካለሁ። ከልጅነቴ የቁርአን ትምህርት የቀረኝን ሁሉ ጣቴ ላይ ሰብስቤ ከላይ እጀምራለሁ። ቢስሚላሁን አልፋለሁ። ሁለተኛው መስመር፣ ይህ መቃብር የ…

ጣቴ ይሰምጣል።

መዳፍ የሚያህል ጉድጓድ ነው፤ ለስላሳ፣ ፀሐይ ያሞቀው። ጠጠሩ የሚያርፍበት ቦታ። ስንት ትውልድ ለኪዳን ሲጠራ፣ ለቀብር ሲጠራ፣ እዚያችው ላይ ነው የመታው። ስሙን ፊደል በፊደል መትተው ጨርሰውታል። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ግን ማንን?

ከጉድጓዱ ወዲያ አንዲት ቃል ተርፋለች፤ ቢንት። ከዚያ በኋላ ድንጋይዋ ተሰብራለች።

«ምን ይላል?» አባ በላዬ ጎንበስ ብለዋል።

«ስም የለውም አባ። ስሙ የነበረው የምትመቱበት ላይ ነው።»

«ውይ!» ጠጠሩን እስካሁን ይዘውት ኖሯል፤ ከእጃቸው ይጥሉታል። «ባወቅን… ምንም አልቀረ?»

«የእገሌ ሴት ልጅ የሚል ብቻ። አባቷም ተሰብሯል።»

«ሴት ልጅ?»

«ሴት ናት።»

አባ እማማ እታገኝን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። «እኛማ እሜቴ ነው የምንላት» ይላሉ ቀስ ብለው።

«ማን አወጣላት?»

«ምን አውቃለሁ ልጄ። እኔ ስወለድም እሜቴ ነበረች፤ አያቴም እሜቴ ነው የሚላት። ደወል ብሎ የጠራት ሰው አላውቅም።»

ስልኬ ይጮኻል። ተመራማሪው ነው።

«አነበብከው? የሰውየው ስም ማነው?»

«ሰውየው አይደለም» እላለሁ። «ሴት ናት።»

«እሺ፣ ሴት። ስሟስ?»

እማማ እታገኝ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠዋል። በነጠላቸው ጫፍ የድንጋይዋን አቧራ ይጠርጋሉ፤ የተኛ ሰው ፊት እንደሚጠርጉ፣ እንዳይቀሰቅሱ። ውሸት ይሁን እውነት ለማሰብ እንኳ ደክሞኛል።

«ይመር፣ አለህ? ስሟ ማነው?»

ጣቴን ከጉድጓዱ አላወጣሁም።

«እሜቴ» እላለሁ። «እሜቴ ትባላለች።»