በጆንያ የተሸፈነው የካምቢዮ ዘይት

«ዘይት ተቀይሮላት ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከታክሲዋ የኋላ ወንበር ላይ ሆና ጆሮዋን ያዘች…

መኪናዋ ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውን ዳገት እየወጣች ነው። ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ ማለት ነው፣ መጮህ ብቻ አይደለም፣ ያላዝናል! መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያያቸዋል።

«አሮጌ መኪና ናት እኮ እትዬ…» አለ ሾፌሩ እምሩ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«እስከ ትናንት አሮጌ አልነበረችም?»

እምሩ መሪውን ጨበጥ አደረገ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው። ታክሲዋ ጣልያን ሲባረር ጥሎ የሄዳት መኪና ናት፣ ያልዞረችበት የአዲስ አበባ ሰፈር የለም። የሙሉእመቤት ባል አቶ ወልደገብርኤል ገዝቶ ታክሲ አደረጋት፣ እምሩን ቀጥሮ ሲያሠራት ኖረ… ከዚያ ድንገት ሞተ።

አሁን ልጆቹ የሚበሉትም የሚማሩትም በእሷ ነው። ታክሲዋ ቆመች ማለት ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው።

ታዲያ ሴትዮዋ ብትጠራጠር ይፈረድባታል?

እስቲ ስሙኝ…

«የካምቢዮው ዘይት ካልተቀየረ ጥርሱ ያልቃል» ብሎ የጨቀጨቃት ራሱ እምሩ ነው። እሺ አለች። «እኔም እመጣለሁ» ስትለው ግን ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋራዥ ለእርስዎ አይሆንም እትዬ፣ ነጠላዎ በግሪስ ይበላሻል።»

ያን ጊዜ ደግሞ መኪና ያለው ሰው ወንበር አስመጥቶ መካኒኩ አጠገብ ቁጭ ይላል እንጂ ማንን አምኖ ይልካል? ከመኪናው የወጣ ነገር ሁሉ፣ ብሎን እንኳ ቢሆን፣ ለባለቤቱ ይመለሳል። ደንብ ነው።

ስለዚህ እምሩ ብቻውን ሄዶ ሲመለስ ጠየቀችው።

«አሮጌው ዘይትስ?»

«ተደፋ…»

ተደፋ አላት! እምሩ ሲዋሽ ደግሞ ጆሮው እንደሚቀላ ከድሮም ታውቃለች። ቀልቶ ነበር።

ይኸው ዛሬ መኪናዋ አዲስ ዘይት ጠጥታ እሪ ትላለች።

በዚያ ላይ አንድ ነገር ትዝ አላት… እምሩ ይህችን ታክሲ ሊገዛ ባሏን፣ ወልዴን፣ ሲለምን ከርሞ ነበር። በዋጋ ሊስማሙ ሲሉ ነው ወልዴ የሞተው።

ገባት! ደህናውን ጥርስ አውጥቶ የተበላ ገጥሞባታል። ተማርራ በርካሽ እንድትሸጥለት ነው!

«አዙር» አለችው።

«ወዴት እትዬ?»

«ዘይቱን ወደቀየርክበት፣ ወደ ሽኩር ጋራዥ!»

መካኒኩ ሽኩር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ ሲል፣ ሙሉእመቤት ሰላም እንኳ ሳትለው አልፋው ገባች። ዓይኗ ጥግ ላይ በጆንያ የተሸፈነ ጣሳ አየ…

እምሩ ሮጦ ፊቷ ቆመ።

«እትዬ፣ በጊዮርጊስ ይዤዎታለሁ… እሱን አይንኩት።»

ይህን ሰምቶ የማይነካ ማን ነው? ጆንያውን ገፈፈችው።

ዘይት ነው… ግን እንደ ገንፎ ወፍሯል። ውስጡ ገለባ የመሰለ ነገር ይታያል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሰጋቱራ ነው» አለ ሽኩር ቀስ ብሎ። «አናጺ ቤት የሚጠረገው የእንጨት ብናኝ። ያለቀ ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ጩኸቱን ያፍነዋል። ለጊዜው ደህና መኪና ትመስላለች፣ ሲውል ሲያድር ግን የቀረውን ጥርስ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው ያወጣነው። አሁን የሚሰሙት የመኪናዋን የራሷን ድምፅ ነው።»

ሙሉእመቤት ወደ እምሩ ዞረች።

«አንተ ከሃዲ! ይህን ያስገባኸው አንተ ነህ! ልጆቼን ልታስርብ? የወልዴ አጥንት ይፋረድህ! ቁልፌን አምጣ!»

እምሩ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠ። ባርኔጣውን አነሳና ወደ በሩ ሄደ።

እኔ ይህን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል… ተናገር እንጂ ሰውዬ!

ሽኩር ግን መታገሥ አልቻለም።

«ወላሂ ይህን ተሸክሜ አላድርም! እትዬ… ሰጋቱራውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«ሽኩር!» አለ እምሩ ከበሩ ላይ። «ተማምለን አልነበረም እንዴ?»

«ማን አዘዘህ?» አለች ሙሉእመቤት።

ሽኩር መሬት መሬቱን አየ።

«ጋሽ ወልደገብርኤል… ነፍሳቸውን ይማርና።»

«አፍህን ዝጋ! ወልዴ በገዛ መኪናው ላይ? ለምን ብሎ?»

«ሊሸጧት ነበራ።»

«ለማን?»

ሽኩር በሩ ላይ ወደቆመው ወደ እምሩ ተመለከተ።

ሙሉእመቤት አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

«እምሩ… ታውቅ ነበር?»

«በቀደም ማርሹ አልገባ ሲለኝ ለሽኩር አሳየሁት። ያኔ ነገረኝ።»

«እና ለእኔ አትነግረኝም?»

«ሙት ዓመታቸው ሳይወጣ ስማቸው በክፉ እንዳይነሳ ብዬ ነው እትዬ። ልጆቹም ነገ ይሰማሉ… በዝምታ አውጥተን ልንደፋው ነበር።»

ወልዴ ሊያታልለው ነበር፣ እሱ ግን የወልዴን ስም ሲጠብቅ ኖሯል! የሰደበችውም እሱኑ ነው። አፈረች… ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ከዚያ ተነሳች። ቁልፉን መልሳ እጁ ላይ አኖረች። የኋላውን በር ትታ የፊቱን ከፈተችና አጠገቡ ተቀመጠች።

ዳገቱ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ማላዘኗን ጀመረች። እምሩ ተሳቆ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ንዳት» አለችው። «ትጩህ… እሷ ቢያንስ አትዋሽም።»

ወገኖቼ፣ ስንጠራጠር ጣታችንን የምንቀስረው ቀጥረን በምናሠራው ሰው ላይ ነው። የምንወደውን ሰው ግን ለአንድ ቀን እንኳ አንጠረጥርም። ሙሉእመቤት ጥርጣሬዋ ልክ ነበር፣ ተንኮል ነበረ… የተሳሳተችው በሰውዬው ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው… በእምሩ ቦታ ብትሆኑ ቁልፉን አስረክባችሁ በዝምታ ትወጡ ነበር? ወይስ እንደ ሽኩር ትናገሩ ነበር? ከነምክንያታችሁ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።