ሊማሊሞን በጋቢና

«አይሆንም አልኩ እኮ፣ አያ ቻላቸው» አለ ረዳቱ ያርጋል፣ የሚኒባሱን የጋቢና በር በጀርባው ደግፎ። «ጋቢናው የአባ ወልደ ሩፋኤል ነው። አንተና ልጅህ ከኋላ ጥግ ግቡ።»

ቻላቸው ግን እንኳን በአንድ፣ በአሥር አይሆንም የሚመለስ ሰው አልነበረም። በቅሎ ነጂ ነው፤ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ድረስ ፈረንጅ እያደረሰ ሲመለስ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሰልፍ ወጥተው በስሙ ጠርተው እንደ ተቀበሉት የሚያወራ። ደባርቅ ውስጥ እሱ «ነግቷል» ካለ ሰው ወጥቶ ፀሐይዋን ያያል። የአምስት ዓመቷን እስከዳርን ትከሻው ላይ እንደ ሰቀለ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ላንተው ብዬ ነው። ይቺ ልጅ ከኋላ ከተቀመጠች ያስመልሳታል። ባለፈው ዳባት ላይ በመስኮት ብትለቀው፣ ከኋላችን የሚመጣው አይሱዙ ዝናብ መስሎት መጥረጊያውን አስነሳ። አምባ ጊዮርጊስ እስኪደርስ አላጠፋውም።»

«በሉ እኔ ወርጄ በእግሬ ልሂድ» አለች ከውስጥ የሺወርቅ፣ የድንች ነጋዴዋ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ። ተሳፋሪው ሳቀ። ያርጋልም እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ ከበሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ቻላቸው የሚለምነው ለወንበሩ ልስላሴ አልነበረም። የጎረቤት ልጆች «አባትሽ ቀጣፊ ነው» ካሏት ወዲህ እስከዳር አንድ ክፉ አመል አምጥታለች። ወሬ ሲጀምርላት እንደ ድሮው አፏን ከፍታ በመስማት ፈንታ «እውነትህን ነው?» ትለዋለች። እሱም እልህ ይዞት፣ አዲ አርቃይ አክስቷ ዘንድ ሲሄዱ የሊማሊሞን ገደል በጋቢና ሊያሳያት ማለላት። ዛሬ ከድንች ጆንያ መሃል ተወሽቃ ከወረደች አለቀለት፤ ከእንግዲህ ስሙን ቢነግራት እንኳ አታምነውም።

በዚህ መሃል አባ ወልደ ሩፋኤል ጭራቸውን ይዘው ደረሱ። ቻላቸው ልጅቱን አወረደና ጎንበስ አለ።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ።» እሱንም ልጅቱንም መስቀል አሳለሟቸው።

«አባ፣ ይቺ ልጅ ከኋላ ስትቀመጥ እያስመለሳት...»

«አስመልሶኝ አያውቅም» አለች እስከዳር። «መኪና ስሳፈር ገና ዛሬ ነው።»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጠ። እንዳለው የሚባለው ሾፌር መሪውን በመዳፉ ይደበድብ ጀመር። አባ ብቻ አልሳቁም።

«ታዲያ ለምን ትቀጥፋለህ፣ ልጄ?»

ቻላቸው ሌላ ውሸት ፈለገ። በሌላ ቀን አፉ ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሁሉ ያን ሰዓት የት እንደ ገባ እንጃ። «ቃል ገብቼላት ነው» አለ። «ሊማሊሞን ከፊት ሆና እንድታይ። እኔ ራሴ አርባ ጊዜ ወርጄዋለሁ፣ አባ፤ ሁልጊዜ ከጆንያ መሃል ነኝ። ያየሁት የሰው ጀርባ ነው።»

አባ ወደ ጋቢናው አዩ። ወደ ያርጋል አዩ። ከዚያ ወደ ቻላቸው ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ በክብር እያሉ እዚህ ይሰቅሉኛል። ገደሉ እኮ ጉልበቴ ላይ ነው የሚመጣው። ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት እደግማለሁ፤ እነሱ የምጸልይላቸው ይመስላቸዋል።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ያርጋል «ኧረ ነውር ነው፣ አባን ከኋላ...» ብሎ ሊከለክል ሲል በጭራቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉትና እንደ ጎረምሳ ዘለው ከኋላ ገቡ። የሺወርቅ ጆንያዋን ሳበችላቸው። እዚያ ጥግ፣ ከሁለት ሰው መሃል ተጣበው፣ ፊታቸው በርቶ ተቀመጡ።

«ቀበቶ እሰር» አለ እንዳለው፣ ቻላቸው ጋቢና ሲገባ። ቻላቸው የመኪና ቀበቶ አስሮ አያውቅም። እስከዳርን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ማሰሪያውን እንደ በቅሎ ጭነት ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

ከተማው አለቀ። ባሕር ዛፉ አለቀ። ቀጥሎ መሬቱ ራሱ አለቀ፤ ከፊታቸው መንገድ የለም፣ አየር ብቻ። ሾፌሩ መሪውን ጠምዘዝ ሲያደርገው መንገዱ ከጎማው ሥር ከየት እንደ መጣ ተገኘ። እስከዳር ጮኸች። ቻላቸውም ጮኸ። ማን እንደ ቀደመ አልታወቀም፤ ሁለቱም ወዲያው «ድገመው» አሉ፣ ሾፌሩም ደገመው፤ ሊማሊሞ መታጠፊያ አይቸግረውም።

«እስኪ ምን ይታያል?» አለች የሺወርቅ። የኋላው መስኮት ሁሉ በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሶ ነበር።

አራተኛው መታጠፊያ ላይ የጠዋቷ ፀሐይ በሾፌሩ በኩል ገባች። በቻላቸው በኩል ገደሉን ደመና ሞልቶታል። ደመናው ላይ ቀስተ ደመና አለ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ግማሽ አይደለም፣ እንደ ሰፌድ ድፍን ክብ ነው። መሃሉ ላይ የሚኒባሱ ጥላ አብሯቸው ይወርዳል።

ቻላቸው የሚጨምርበት አጣ።

«ቀስተ ደመና» አለ ቀስ ብሎ። «ከበታቻችን ነው። ክብ ነው። እኛ መሃሉ ላይ ነን።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። «ዛሬስ አበዛኸው» አለ ያርጋል። «ኧረ ቀንስ» አለች የሺወርቅ፣ «አባ እዚህ አሉ እኮ።» አባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

እስከዳር የመስኮቱን መዘውር በሁለት እጇ እያሽከረከረች ነበር። ቀዝቃዛው አየር ገባ። አንድ እጇን አውጥታ ወደ ላይ አነሳች፤ ከታች፣ በክቡ መሃል፣ ከመኪናው ጥላ ጎን አንዲት ቀጭን እጅ ተነሳች።