ማፋጠኛው

ታቢታ የዘር ጊዜ የሚተነብየውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ኮምፓይለር ከማስነሳቷ በፊት አንድ ምርጫ ቀርቷት ነበር፤ ማፋጠኛውን መክፈት ወይም መዝጋት። ጠዋት ስትከፍተው ፕሮግራሙ በአፍታ ጨረሰና ለቱላ ገበሬዎች «በቆሎ ዝሩ» አለ። ስትዘጋው ግን እያንዳንዱን ስሌት እያጣራ ተንፏቀቀና «ዝናቡ ገና ነው፣ ጠብቁ» አለ። በእጇ ስታሰላው ልክ የነበረው ዘገምተኛው ነው።

«ጓድ ሽበሺ፣ ሲፈጥን ይሳሳታል» አለችው አለቃዋን።

«ካድሬዎቹ እኮ በር ላይ ናቸው! በእንግዳ ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ክፈቺው!»

ማፋጠኛውን ዘጋችው።

እንግዶቹ ገብተው ከጀርባዋ ቆሙ። ማሽኑ ዝም አለ፤ ቆየ። የአዋሳ ሐይቅ ነፋስ በመስኮት እየገባ እንኳ ሽበሺን ላብ አጠመቀው።

«ይሄ ነገር ምን እየሠራ ነው?» አለ ዋናው ካድሬ።

ታቢታ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ግለ ሂስ እያደረገ ነው፣ ጓድ» አለች።

ካድሬው ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ።