ጨው የሌለው ሽሮ

ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው የድሮ ቤቱን ትዝታ አስረክቦ ነው የአዲሱን ቁልፍ የሚረከበው። ሐዘኑ ይቀልለታል ተብሎ ነው አሉ። እናቴም አስረከበች። አባቴ የኖረውም የሞተውም እዚያው ቤት ስለነበር፣ እሱም ከትዝታዋ አብሮ ሄደ። እኔ ቀደም ብዬ አግብቼ በመውጣቴ ተርፌያለሁ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ፣ በድካም ዝዬ፣ ኮንዶሚኒየሟ ጎራ አልኩና ሽሮዋን ቀመስኩ።

«እማዬ፣ ጨው የለውም እኮ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ እጄ እምቢ ይለኛል። ጨው የተከለከለ ሰው አለ እንዴ?»

አባቴ ግፊት ነበረበት። ግን ያስረከቡትን መልሶ መንገር ክልክል ነው።

«ኧረ ማንም የለም» አልኳት።

ከሽሮው ቀነሰችና በሳህን ከድና አስቀመጠች።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«እኔ እንጃ። ሳላስቀምጥ ግን አልበላልሽ አለኝ።»