መድፉ ሳይተኮስ

ግብጽ ንጉሧን ባባረረች በሰባተኛው ዓመት፣ በረመዳን፣ አይን ሻምስ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ዘይና ምስር ትለቅማለች። ዓይኗ ግን ባሏ ላይ ነው።

ባሏ ቃሲም ከወሎ መጥቶ አዝሃር የሚማር ደረሳ ነው። ኪታቡን ከዘረጋ ግማሽ ሰዓት ሆነው፤ አንድ ገጽ አልገለጠም። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ሰዓቱን ያያል። ዘጠኝ ሰዓት። የማፍጠሪያው መድፍ እስኪተኮስ ገና ሦስት ሰዓት አለ።

እዚህ ቤት የስኳር በሽታ ከገባ ዓመት ሆኖታል። ጧት ጧት መርፌው ይቀቀላል፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ሐኪሙ ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አስጠንቅቋቸዋል።

«በዚህ መድኃኒት ላይ ጾም የለም። መርፌው የደሙን ስኳር ያወርደዋል፤ ምግብ ካልተከተለ ቀድሞ የሚራበው አንጎል ነው። በሽተኛው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆጣል፣ የገዛ ቤተሰቡን ይጠረጥራል። ሲጠይቁት ግን ‹ደህና ነኝ› ነው የሚለው። ቶሎ ስኳር ካልጠጣ ይሞታል።»

ማን ሰምቶት! ዛሬም መርፌው ተወግቷል፣ ጾሙም ተይዟል።

«ቃሲሜ፣ ላብህ ወረደ እኮ» አለችው።

«እኔ ደህና ነኝ።»

የዘይና ልብ ስንጥቅ አለ። ይኸው፣ ሐኪሙ ያለው ቃል!

ቃሲም ብድግ ብሎ የመድኃኒቱን ሣጥን ከፈተ። ከውስጡ ስኳር እየዘገነ ብርጭቆ ውስጥ ሲጨምር እጁ ተንቀጠቀጠና ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። በውሃ አማስሎ ወደ አፏ አስጠጋው።

«ጠጪ!»

«እኔ? በጠራራ ፀሐይ? በረመዳን?»

«ጠጪ አልኩሽ፣ በአላህ!»

ያ አላህ! ሸኽ ሊሆን አገር አቋርጦ የመጣ ሰው ሚስቱን ጾም ሊያስፈታ? አእምሮው ቢነካ ነው እንጂ! ወይስ ብርጭቆው ውስጥ ሌላ ነገር ጨምሯል? ፊቷ ቆሞ ሲወዛወዝ ሁለት ሰው መሰላት።

«አንተ ጠጣው!» ብላ ገፈተረችው። ስኳር ውሃው ጀለቢያው ላይ ተረጨ።

«ዘይናዬ፣ እለምንሻለሁ» አለ። እንባው መጣ።

ቃሲም ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ እያለች ፈራች፤ እሱን ካጣች በሰው አገር ማን አላት? በጉልበት አትችለው፤ ብልሃት ፈለገች።

«እሺ፣ አንተ ግማሹን ከጠጣህ እኔም እጠጣለሁ።»

ቃሲም ትክ ብሎ አያት። ወደ መስኮቱ ዞሮ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብሎ ግማሹን ጨለጠው።

እፎይ! ተረፈልኝ አለች በልቧ። እንዳታስቆጣው ብላ የቀረውን እሷ ዋጠችው። ሁለተኛ ብርጭቆ በጠበጠ፤ እሱንም ተራ በተራ ጠጡት።

ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ቀስ በቀስ ባሏ አንድ ሰው ሆነላት። ያኔ ወደ ምስሯ ዞር ብትል፣ ጠጠሩ ድስት ውስጥ ነው፤ ምስሩ መሬት ላይ ተበትኗል።

«ተሻለህ?» አለችው በቀስታ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ተሻለኝ። የዛሬዋን ጾሜን ከዒድ በኋላ ቀዷ አውጥቼ በሌላ ቀን እተካታለሁ» አለና የመድኃኒቱን ሣጥን ከደነው።

ክዳኑ ላይ በሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ «ዘይና እንድሪስ፣ ጧት ጧት አንድ መርፌ» ይላል።