ገና ነው

የሟች ባሏ ስልክ ከጨርቆቹ ሥር ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳችና በርብራ አወጣችው። ባሏ በሕይወት ሳለ በሰፊዎች የውይይት ገጽ ላይ ለጠየቀው ጥያቄ፣ ዛሬ አንድ የማታውቀው ሰው ጽፎለታል።

«የባለቤቴ የስፌት መኪና ክር እየበጠሰ አስቸገራት» ይላል የባሏ ጥያቄ። «ሳታየኝ ጠግኜ ላስደንቃት ነው። ካባስኩት ግን ማደሪያ ፈልጉልኝ!» ከሥሩ ብዙዎች እየሳቁ መክረውታል። የዛሬው ሰው የገጹ ኃላፊ ነበር፦ «ወንድሜ፣ ጠፋህብን እኮ። መኪናው ተስተካክሎ ከሆነ ንገረንና ጥያቄውን ልዝጋው።»

መዳፏን መኪናው ላይ አሳረፈች። እሱ ከጠገነው ወዲህ አንድም ቀን ክር በጥሶባት አያውቅም። «ተስተካክሏል፤ እግዜር ይስጥልን» ብላ ጻፈች። ልትልከው ስትል ግን ጣቷ ቀጥ አለ። በተዘጋ ጥያቄ ላይ ማንም አይጽፍም። ከእንግዲህ እሱን «ወንድሜ» ብሎ የሚጠራው፣ ጠፋህብን የሚለው ሰው አይኖርም።

የጻፈችውን አጠፋች። እንባዋን በቁራጭ ጨርቅ ጠረገችና በእሱ ስም እንደ አዲስ ጀመረች፦

«ኧረ ገና ነው፣ ወንድሞቼ። አሁንም ይበጥሳል። ሌላ ምን ልሞክር?»